እሺ ብለሻል እኮ!

ነገሩ የሆነው አምና በጥር ወር፣ ደብረ ብርሃን ሠርግ በሠርግ በሆነችበት ሰሞን ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው «እሺ» በምትባል አንዲት ቃል የተነሳ ነው። ቃሏን ከአፌ ባወጣሁ ቁጥር የአንድ ቄስ ፊት ድቅን ይልብኛል። ዳቦ ቤት ያለው ሰው በቀን ስንቴ እሺ እንደሚል ደግሞ እናንተው ገምቱት።

ትንሽ ዳቦ ቤት አለችኝ። ጠዋትና ማታ ለሻይ ቤቶች ዳቦ አስረክባለሁ፤ ሰው ካዘዘኝ ድፎና ኬክም እሠራለሁ። በልጄ ስም «ሶሊያና ዳቦና ኬክ» ብያታለሁ። ሶሊያና ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት ከሚያድርበት ቀን መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። ስለዚህ ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ የምትውለው ከእኔው ጋር፣ በዱቄት ጆንያዎቹ መሀል ነው። ከበሩ በላይ የተጻፈው የእሷ ስም መሆኑን ካወቀች ወዲህ እኔን እንደ ተቀጣሪዋ ነው የምታየኝ። አንድ ቀን ለደንበኛ «እማዬ እኔ ጋ ነው የምትሠራው» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ብቻዬን ነበርኩ። የምታግዘኝ ልጅ የአክስቷ ልጅ ሠርግ ነበረባትና መዘዞ ሄዳለች። ከምሳ በኋላ የሻይ ቤቶቹን የማታ ሊጥ አቡክቼ፣ ኩፍ እስኪል ድረስ ከፊቴ ለቆሙት ደንበኞች ዳቦ እሰጣለሁ። በዚህ መሀል ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጋቢ የደረቡ ቄስ ገቡ። ባዶ ካርቶንና ገና ከሱቅ የወጣ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙኝ።

«ቄስ ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ ልጄ፣ ከአንኮበር ነው የመጣሁት። ያዘዝኩትን ልወስድ ነው» አሉኝ።

«ምን ነበር ያዘዙት አባቴ?»

«ሁለት ድፎና አንድ ኬክ ነዋ! ረቡዕ በስልክ ተነጋግረን የለም እንዴ?»

እኔ ነገር ሲምታታብኝ ድምፄ ከፍ ይላል፤ አመሌ ነው። «እኔ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ አልተቀበልኩም፤ የደወሉት ሌላ ዳቦ ቤት ይሆናል» አልኳቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ስልካቸውን አወጡና ቁጥሩን አሳዩኝ። የእኔው ነው። ያም ሆኖ አልተበገርኩም። «እመብርሃን ምስክሬ ናት፣ እኔ እርስዎን አላናገርኩም!» አልኩ፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ።

«ቁጥርሽን የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ለሠርጓ ሠርተሽላት ነበር» አሉ። አሁን ድምፃቸው ሳሳ። «ነገ የልጄ ክርስትና ነው። እኔና ባለቤቴ ልጅ ሳናገኝ ብዙ ዘመን ኖረናል። ስንት ስለት ተስለን ያገኘናት ናት። ባለቤቴ ድግሱን ሁሉ በእጇ አሰናድታለች፤ እኔን የለመነችኝ ይህችን ብቻ ነው። ‹ልጄ እንደ ከተማ ልጅ ስሟ የተጻፈበት ኬክ ይቆረስላት› አለችኝ። እንግዲህ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልግባ?»

አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች፤ ለእሳቸው ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ይሄኔ ከጆንያዎቹ ጀርባ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«የቄሱ ኬክ! እማዬ፣ ነግሬሽ የለ? እሺ ብለሻል እኮ!»

ሶሊያና ናት። ብቅ አለችና በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። «ሁለት ድፎ፣ ጥቁር አዝሙድ ያለው። አንድ ኬክ፣ ወለተ ማርያም የሚል፤ እንደ እኔ የክርስትና ስም። ላዩ ላይ ደግሞ በግ።»

«ምን? በግ?» አልኩ።

«ምን ይሣልበት ስላቸው አንቺ የወደድሽው አሉኝ። እኔ የምወደው በግ ነው።»

ቄሱ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ? ሶሊያና ነሽ ወይ ስልሽ አዎ ነኝ አላልሽኝም?»

«ነኝ እኮ!» አለች ወደ በሩ እየጠቆመች።

ደንበኛው በሳቅ ፈረሰ። ለካ እሳቸው የዳቦ ቤቱ ስም የባለቤቷ ስም መስሏቸው ነው። የአንኮበር ኔትወርክ ደግሞ እየተቆራረጠ የልጅ ድምፅ ይሁን የአዋቂ አልለየላቸውም። በዚያ ላይ ልጅቷ «ቆይ ልጠይቅ» ብላቸው ሄዳ፣ ተመልሳ «እሺ ተብሏል» ብላቸዋለች። ከዚህ በላይ ምን ማረጋገጫ ይፈልጉ?

ለእኔ ግን የረቡዕ ከሰዓት ቀስ እያለ መጣልኝ። ስልኬን ካርቱን እንድታይበት ሰጥቻታለሁ። ማቡኪያው ማሽን ይጮሃል፣ ከአንድ ሻይ ቤት የመጣ ሰውዬ ዳቦው አንሷል ብሎ ይነዘንዘኛል። ሶሊያና ሽርጤን ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ ቄስ ናቸው፣ ለቅዳሜ...» ስትል ትዝ አለኝ። ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት «እሺ፣ እሺ፣ ሂጂ ተጫወቺ» ብያት ነበር። ታዲያ ልጅቷ ምን አጠፋች? ጠየቀች፣ ተፈቀደላት። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ያውም እመብርሃንን ጠርቼ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። ኬኩንስ ምን እናድርገው?» አሉኝ።

የመጨረሻዋ የአንኮበር ሚኒባስ አመሻሽ ላይ ትወጣለች። ጉም ከወረደ ደግሞ ቀደም ብላ ነው የምትነሳው። እሳቸው በማግስቱ ቅዳሴ አለባቸው፤ እዚህ ማደር የሚባል ነገር የለም።

ወደ ሊጡ ዞርኩ። ኩፍ ብሎ ከገንዳው አፍ ደርሷል። ለድፎው የሚደርስልኝ እሱ ብቻ ነው፤ ግን የሻይ ቤቶቹ ሊጥ ነው፤ ያን ደንበኝነት ለማግኘት ስንት ወር ደጅ ጠንቻለሁ። ከዚያ ደግሞ ቄሱ የያዙትን ነጭ ጨርቅ አየሁት። ኬኩን ሊሸፍኑበት ነው የገዙት። አላስቻለኝም። ስልኬን አንስቼ ሻይ ቤቶቹ ጋ ደወልኩና «ዛሬ የማታ ዳቦ የለም፤ ከፈለጋችሁ ተቆጡ» አልኳቸው። ተቆጡም።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ኦቨኑ ሲግል ሶሊያናን ማን ይይዝልኛል? ሱቁንስ ማን ይጠብቅልኛል? ይህን ስብሰለሰል ቄሱ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከመደርደሪያው ጀርባ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡ።

«ነይ አንቺ ባለ ሱቅ» አሏት፣ «እኔና አንቺ ደንበኛ እናስተናግድ፤ እናትሽ ትሥራበት።»

እንዲህ ያለ ዳቦ ቤት አይታችሁ አታውቁም። ዳቦ ሊገዛ የገባው ሁሉ መጀመሪያ መስቀል ይሳለማል፣ ቀጥሎ «አራት ዳቦ አባቴ» ይላል። ሶሊያና ዳቦውን በፌስታል ትከታለች፣ እሳቸው ይመርቃሉ። አንዷ ጎረምሳ ልጇን እየጎተተች ተመልሳ መጥታ አሳለመችው። ልጄም መጠየቋን አልተወችም።

«አባ፣ ጥምጥምዎ ውስጥ ምን አለ?»

«መላጣ ነው ያለው። ለማንም እንዳትነግሪ።»

«እሺ» አለች። ከዚያ ወዲያ ለገባው ደንበኛ ሁሉ ነገረች።

እኔ ከጓዳ ሆኜ ድፎውን በጥቁር አዝሙድ ለወስኩ፣ የኬኩን እንቁላል መታሁ። እንደዚያን ቀን በሰላም ሠርቼ አላውቅም። ማንም «እማዬ» ብሎ አልጠራኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ጆሮዬ ናፈቀው። ኬኩ ከኦቨን ሲወጣ ሌላ ጭንቅ መጣ፤ ካልቀዘቀዘ ክሬሙ ይቀልጣል። በጓሮ በር አውጥቼ ነፋሱ ላይ አስቀመጥኩት። ዕድሜ ልኬን የማማርረው የደብረ ብርሃን ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

የሕፃኗን ስም ጻፍኩና ወደ በጉ ገባሁ። ሥዕል እንደማልችል ያኔ ነው ያወቅኩት። በግ ብዬ ጀምሬ ደመና ወጣኝ። ሶሊያና መጥታ አየችውና «ይሄ በግ አይደለም» አለች። ቄሱም ከላይዋ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

«ላት ጨምሪላት እንጂ! የመንዝ በግ ያለ ላት ታምራለች እንዴ?» አሉ።

ላት ስጨምርላት በእርግጥም በግ ሆነች። ሦስታችንም አጨበጨብን።

ያንኑ ጊዜ ጥሩንባ ተሰማ። ቄሱ ሾፌሩን በስልክ ለምነውት ኖሮ፣ ሚኒባሷ ከነተሳፋሪዋ ደጃፌ ላይ ቆማለች። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «አባ፣ መሸ እኮ!» ይላል። ከውስጥም የሚያጉረመርም አልጠፋም። ኬኩን ይዤ ስወጣ ግን አንዲት እናት አየችውና «ውይ፣ በግ ናት!» ብላ ጮኸች። «ወዲህ በሉ፣ እኔ ጭን ላይ! እኔ የልጅ እናት ነኝ፣ መያዝ አውቃለሁ» ብላ ተቀበለችኝ። ድፎዎቹ ከኦቨን የወጡ ትኩስ ነበሩና በዚያ ብርድ ማን ይታቀፋቸው በሚል ወንዶቹ ተሻሙ። ሚኒባሷ በዳቦ ሽታ ታወደች፤ ያጉረመረመውም ሰው ስለ ክርስትናዋ ልጅ ይጠይቅ ጀመር።

ቄሱ ሒሳቡን ለእኔ አልሰጡኝም። «ያዘዝኩት እሷን ነው» ብለው ለሶሊያና አስረከቧት። ከዚያ ሁለታችንንም መርቀው ገቡ።

እኔ ግን እስከ ማግስቱ እፎይ አላልኩም። የአንኮበርን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። በእያንዳንዱ ኩርባ ኬኩ ሲንሸራተት፣ በጓ ስትደፋ እየታየኝ እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። እሑድ ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ከጀርባ እልልታና ጭብጨባ ይሰማል።

«በጓ በደህና ገብታለች!» አሉ ቄሱ። ሳላስበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባለቤታቸው ስልኩን ተቀበለቻቸው። ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ «እስቲ ሶሊያናን አቅርቢልኝ እህቴ» አለችኝ። ሰጠኋት። ልጄ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ «እሺ... እሺ... እሺ» ስትል ቆየች።

«ምን አለችሽ?» አልኳት ስትጨርስ።

«ወለተ ማርያም ስታድግ አብራችሁ ትጫወታላችሁ አለችኝ። እኔ እሺ ያልኩት እየሰማኋት ነው» አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

እነሆ ዓመት ሆነው። አንደኛው ሻይ ቤት እንዳኮረፈኝ ነው፤ ዳቦውን ከሌላ ይወስዳል። አልቆጨኝም። ቄሱ ደብረ ብርሃን በመጡ ቁጥር ጎራ ይላሉ፤ የሚጠይቁትም «ባለ ሱቋ አለች?» ብለው ነው። «ሥራና ልጅ አንድ ላይ አይሆንልሽም፣ አንዱን ተይ» የሚሉኝ ዘመዶች ዛሬም አሉ። ይበሉ። እኔ ዳቦዬንም ልጄንም እወዳለሁ፤ ማታ ደክሞኝ፣ ሁለታችንም ዱቄት ለብሰን ወደ ቤት ስንሄድ ደስተኛ ነኝ።

ስልኬን ግን እንዳታነሳ ከልክያታለሁ። እሷም በበኩሏ አዲስ ሕግ አውጥታብኛለች። የምትነግረኝ ነገር ሲኖራት በርጩማው ላይ ትወጣና አገጬን በሁለት እጇ ይዛ «መጀመሪያ እዪኝ» ትላለች። ደንበኛ ቢሰለፍም ባይሰለፍም ለውጥ የለውም።

ባለፈው ሳምንት፣ በሥራ ተወጥሬ ሳለሁ፣ እንደ ልማዷ አገጬን ያዘች።

«እማዬ፣ እውነተኛ በግ እንግዛና እዚሁ ዳቦ ቤት ውስጥ እናሳድጋት?»

ዓይን ዓይኗን እያየሁ «እምቢ» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበችና «ጥሩ፣ ሰምተሽኛል ማለት ነው» ብላ አገጬን ለቀቀችኝ። ከበርጩማው ወርዳ ወደ ጨዋታዋ ሄደች።