የጌታዋ ክብርና የኢንዱማቲ ተራ

ኢንዱማቲ ሳዋንት በብሪጅናት ቻዳ ቤት ስትሠራ ፀጉሯ ሸበተ። ቻዳን የማያውቅ የፊልም ተመልካች የለም። በወጣትነቱ በትወና ተሸለመ፤ ኋላ ራሱ ዳይሬክተር ሆኖ ተሸለመ፤ ደልሂ ተጠርቶ የመንግሥት ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለለት፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አለው፤ እዚሁ ቦምቤይ፣ ጁሁ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥም አንድ መስቀለኛ መንገድ በስሙ ተሰየመ። እኛ ጎረቤቶቹ ይህን ሁሉ በጋዜጣ እያነበብን ኮርተናል። ኢንዱማቲ ግን ክብርን የምታውቀው በአቧራው ነው።

«ያቺ የሸለሙት ክንፍ ያላት ሐውልት አለች አይደል፣ ክንፏ ሥር ጨርቅ አይገባም» ትለኛለች። «የሠራትን ሰውዬ እግዜር ይይለት! አንድ ቀን እንኳ ዕቃ ወልውሎ አያውቅም።»

ሐውልቱስ ይሁን። የባሰው ኮኮናቱ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲከበር ትከሻው ላይ ሻል፣ እጁ ላይ ኮኮናት ይደረግለታል። ቻዳን ለፊልም የሚጠራው ከቀረ ቆይቷል፤ ለክብር የሚጠራው ግን አልቀረም። ትምህርት ቤት ሲመረቅ ይጠሩታል፤ የጥርስ ሐኪም ክሊኒክ ሲከፍት ይጠሩታል። እሺ ይበልጣል ከሺ የተባለው ለእሱ ይመስል፣ እምቢ ብሎ አያውቅም። የመጣው ኮኮናት ደግሞ አይጣልም፣ አይሸጥም፤ ከክብር ጋር የመጣ በረከት ነዋ። ስለዚህ ኢንዱማቲ ትፈቀፍቃለች። ምስሩ በኮኮናት፣ ዓሣው በኮኮናት፣ ጣፋጩ በኮኮናት።

«ታይ፣ እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ ዛሬ እንኳ ምስሩን ባዶውን አብስዪው» ብሎ ለመናት የቤቱ ሾፌር።

«ለጌታችን ለሳሄብ ንገራቸው! እኔ ኮኮናት አምጡ ያልኩ መሰለህ?»

በዚያ ዓመት ግን ነገሩ ከኮኮናትም አለፈ። የዝሆን ራስ ያለው አምላክ የጋንፓቲ በዓል ሲደርስ፣ ቦምቤይ ያለ የኮንካን ባሕር ዳርቻ ሰው ሁሉ ወደ መንደሩ ይገባል። የኢንዱማቲ ባል ቤተሰብ ሦስት ወንድማማች ነው፤ የሸክላው የጋንፓቲ ምስል በየዓመቱ በተራ ከአንዳቸው ቤት ይቀመጣል። ባሏ ካረፈ በኋላ ተራው አንዴ ደርሶ ነበር፤ ያኔ ቻዳ የሆነ ቦታ ሊከበር ሆነና፣ የምታለብሰው እሷ ስለሆነች ቀረች፤ ምስሉም የታናሽየው ሚስት ሻሊኒ ቤት ገባ። ዘንድሮ ተራው ተመልሶ መጣ።

«ዘንድሮም ከቀረሁ፣ ያ ቤት ሰው የለውም ብለው ከተራው ያወጡታል» አለችኝ። «የባሌ ደጅ እንደተዘጋ ይቀራል።»

ለቻዳ ገና በበጋው ነግራዋለች። እሱም «ያን ቀን ጥሪ ካልመጣ ትሄጃለሽ» አላት። ‹ካልመጣ› ያላት ነገር አንጀቷን አሳረረው። እኔም ከጸሎት ሌላ ምክር ስላልነበረኝ «ጸልዪ» አልኳት።

«እጸልያለሁ። ብቻ ጋንፓቲም ‹ጥሪ ካልመጣ› እንዳይለኝ።»

ጥሪው መጣ፤ የመጣውም በገዛ እጇ ነው። አንድ ጠዋት ሩዝ ጥዳ ሳለ በሩ ተደወለ። የሰፈሩ የጋንፓቲ ማኅበር ሊቀመንበር ናምዴቭ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቆሟል። ቻዳ ተኝቷል። ናምዴቭ ኮኮናት በቅጠል አድርጎ ዘረጋላት። እሷ ያው የተለመደው ነው ብላ እጇን በሳሪዋ ጠረገች፣ ተቀበለች፣ ግንባሯን አስነካች፣ ኮኮናቶቹ ወዳሉበት ቅርጫት ጨመረች።

«እንግዲህ ቤቱ ተቀበለ!» አለ ናምዴቭ ፊቱ በርቶ።

«ምኑን ነው የተቀበለው?»

«ጥሪውን ነዋ! በበዓሉ በመጀመሪያው ቀን ማታ ሳሄብን መድረካችን ላይ እናከብራለን።»

«ቆይ፣ ቆይ! ውሰደው! እኔ እኮ…»

«ኧረ ታይ! የተቀበሉት ኮኮናት ይመለሳል እንዴ? ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ብሎ ደረጃውን ወረደ።

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ ልጅ የሚታጨው በኮኮናት ነው፤ የተቀበለ ሰው ቃሉን ሰጥቷል። ኢንዱማቲ ቅርጫቱ አጠገብ ቁጭ አለች። ሩዙ አረረ።

ቻዳ ተነስቶ ሲሰማ ደስ አለው። «የሰፈሬ ሰዎች! የገዛ ሰፈር ሲያከብርሽ ከደልሂው ይበልጣል።»

«ሳሄብ፣ የኔስ ተራ?»

«ምን ላድርግ ኢንዱ? የተቀበልሽው አንቺ ነሽ።»

ይሄኔ ኢንዱማቲ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ስትፈገፍግ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ፍግፈጋው ቆመ።

ከቅርጫቱ ጥሩውን ኮኮናት መርጣ አጠበች፤ ቀይ ዱቄት ቀባችው፤ የሳሪዋን ጫፍ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሳሎን ገባችና በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ሰውዬው ስንት ዘመን የለመደው ነው፤ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ብድግ አለ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ግንባሩን አስነካ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያለ ይመስል ጎንበስ አለ። ከዚያ ነው የነቃው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ። ዘንድሮ በዓሉ በቤቴ ነው። ሳሄብን ጠራሁ፤ ሳሄብም ተቀበሉ።»

«ያን ቀን እኮ ናምዴቭ…»

«አውቃለሁ። መምጣት ካቃተዎት አልቀየምም። ግን እንግዳ ጠርታ ከቤቷ የምትጠፋ ሴት አይተው ያውቃሉ? እንግዳዬ እሺ ብሏል፤ እኔ ደጄ ላይ መገኘት አለብኝ።»

ቻዳ ኮኮናቱን እያገላበጠ አያት። «ይህን ትወና ከየት ተማርሽው?»

«ሐውልቶቹን ማን የሚወለውላቸው መሰለዎት?»

«እና ያን ቀን ማን ያለብሰኛል? መድኃኒቴንስ ማን ይሰጠኛል?»

«ናምዴቭ! ኮኮናቱን ያመጣው እሱ አይደል?»

ቻዳ ተነጫነጨ፣ አኮረፈ፣ ራቱንም ግማሹን ተወው፤ ኮኮናቱን ግን አልመለሰም። ናምዴቭም አልቀረለትም። መድኃኒት በየሰዓቱ ሲሰጥ፣ ልብስ ሲያለብስ ዋለና፣ ማታ መድረክ ላይ ሻሉን የሚደርብበት ጉልበት አጥቶ ነበር ሲሉ ሰማሁ።

የቀረውን ኢንዱማቲ ስትመለስ ነው የነገረችኝ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጣ ሳይሆን ተጣብቃ አድራ፣ ጠዋት በዝናብ መንደሯ ደረሰች። ሻሊኒ ወለሏን ለቅልቃ፣ አበባ አንጠልጥላ፣ ምስሉን ልትቀበል ተዘጋጅታለች።

«እትዬ! መጣሽ? እኛማ እንደ ባለፈው መስሎን…»

«አየሁት፣ አምሯል። እግዜር ይስጥሽ። አሁን መጥረጊያሽን አቀብዪኝ።»

የባሏ ቤት ቁልፍ ዝጎ በድንጋይ ተመትቶ ነው የተከፈተው። ቤቱ ሻግቷል፤ አንዱ ጥግ ያፈሳል። ኢንዱማቲ ጣሪያውን እየረገመች፣ ሸረሪቱን እየረገመች ጠረገች። ሻሊኒ ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ ቆይታ፣ ኋላ አልቻለችም፤ «ኧረ እንዲህ አይጠረግም!» ብላ ገባች።

ሁለቱም ጭቃ በጭቃ ሆነው ሳሉ ምስሉ ደረሰ። የተሸከመው ታናሽየው፣ የሻሊኒ ባል ነው፤ ጋንፓቲን በጨርቅ ሸፍኖ ራሱ ላይ አድርጎታል። ግቢው መሐል በሁለቱ ደጆች መካከል ቆመና ጠየቀ።

«ወዴት ነው?»

ኢንዱማቲ ጭቃ የነካ እጇን በሳሪዋ ጠረገች። ዝናቡ ይወርዳል። ሻሊኒ ወደ ራሷ አበባ አየች፣ ወደ ሻገተው ቤት አየች፣ ባሏ ላይ አፈጠጠችበት።

«ምን ይገትርሃል? እያረጠብከው እኮ ነው! ወደ እትዬ ቤት አስገባዋ!»

ኢንዱማቲ ማሰሮዋን አንስታ ወጣች፤ ደጃፏ ላይ፣ አምላኩ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው፣ በተሸካሚው እግር ላይ ውሃ አፈሰሰች።