ዳገቱ ላይ ያሉት ማሰሮዎች

እኔ የተዝረከረከ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም። ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር በኬረርነት የምረዳቸው ሽማግሌ ቤት አንድ ጉድ የሠራሁትም በዚሁ አመሌ ነው።

አባባ እላቸዋለሁ። ሃካ ከሚባሉት ቻይናውያን ወገን ናቸው፤ የተወለዱት ሆንግ ኮንግ ጥግ፣ በጀልባና በእግር ብቻ በሚደረስበት መንደር ነው። ወንዶቹ አንድ በአንድ ለንደን ምግብ ቤት ሊሠሩ መጡ፤ ቆየት ብለው ሚስትና ልጅ አስመጡ። ሩዙን የሚያጭድ ጠፋ። የቀሩት አሮጊቶች ሞቱ፣ ጣራው ወደቀ፣ መንገዱን ዱር ዋጠው። አሁን እዚያ ያሉት ሙታን ብቻ ናቸው። በወጋቸው ሟች ተቀብሮ ዓመታት ሲያልፉ አጥንቱ ይወጣና ተጠርጎ በሸክላ ማሰሮ ዳገት ላይ ይቀመጣል። ማሰሮዎቹ ላይ ስም የለም፤ የማን የማን እንደሆነ ያገሬው ሰው ያውቃል። ዛሬ የሚያውቁት አባባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም መርሳት ጀምረዋል።

ዳገቱ በዝናብ እየተናደ ነው ሲባል ሴት ልጃቸው ያያቷን ማሰሮ ወደ ለንደን ልታመጣ ትኬት ቆረጠች። አባባ ሲሞቱ ከእናታቸው አጠገብ ማረፍ ይፈልጋሉ። አእምሯቸው ጠራ ባለላቸው ቀን፣ በድሮ ምግብ ቤታቸው ሜኑ ጀርባ ላይ ቦታውን ሣሉላት። እኔ ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ገብቼ ጠረጴዛውን አጸዳሁ፤ ላዩ ላይ የተከመረውን አሮጌ ሜኑ ሁሉ ሰብስቤ ውጭ ካለው የሪሳይክሊንግ ቆሻሻ ቢን ውስጥ ከተትኩ።

«ዳገቱን የሣልኩበት ወረቀቴስ?» ሲሉኝ ክው አልኩ። እየሮጥኩ ወረድኩ። ቢኑ ባዶ ነው፤ የቆሻሻ መኪናው ወስዶታል። ጌታ ሆይ! የሰው እናት እኮ ነው የጣልኩት!

ተመልሼ እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስኪብርቶ አስመጥተው ዳገቱን ሣሉ፣ ትልቁን ዛፍ፣ ማሰሮዎቹን ክብ ክብ አድርገው። ከዚያ እጃቸው ቆመ። አንዱ ላይ ምልክት አደረጉ፣ ሰረዙት፣ ሌላው ላይ አደረጉ።

«የፊተኛውን አይተሽዋል አይደል? እንደዚህ ነበር?»

የት አይቼው! ሜኑ ነው ብዬ አይደል የጣልኩት። ግን ዓይናቸው ውስጥ ፍርሃት አየሁ፤ ከኔ የባሰ ፈርተዋል።

«አዎ አባባ፣ ልክ እንደዚህ ነበር» አልኳቸው።

ልጃቸው ያንን ወረቀት ይዛ በረረች። አባባ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው እናታቸውን እየጠበቁ ናቸው። እኔን የጨነቀኝ፣ የምትመጣው የማን እናት ትሆን የሚለው ነው።