ልቧን ያማታል ያልኩ ዕለት

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነው። እኔ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ታገሡኝ። የምንኖረው ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጀርባ ካሉት የሠራተኛ ቤቶች በአንደኛው ነበር። ቪላው የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። የድሮው ባለቤት መኪና ያቆሙበት የነበረው ጋራዥ ደግሞ ፍራሽ ተነጥፎበት ልጆች ጅምናስቲክ ይሠሩበታል።

የኔዋ እዚያ ፍራሽ ላይ ስትወጣ አጥንት ያላት አትመስልም። ወደ ኋላ ተለምጣ ድልድይ ትሠራለች። እግሯን ግራና ቀኝ ዘርግታ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች። ተገለባብጣ ስትነሣ ፊቷ ሁሉ ጥርስ ነው። ቤት ውስጥም እረፍት የለም፤ እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ በእጇ ቆማ ነው የምታወራት።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ እንደ ሰው ቆመሽ አውሪኝ!» ትላታለች እናቷ።

አሠልጣኟ ውጭ አገር ተምራ የመጣች ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ አይጠፋም። አንድ ቀን ልጄን ልወስድ ስሄድ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ጎበዝ ናት። ግን ስትገለባበጥ እንጂ ስትቆም እጇን የት እንደምታደርገው አታውቅም። ጅምናስቲኩን ሳትተው ውዝዋዜ ብትጨምርበት ጥሩ ነው።»

«የት ነው የሚሰጠው?»

«ሁለት ቦታ አለ። ሃያ ሁለት አካባቢ አንዲት ሴትዮ ቤታቸው ውስጥ ባሌት ያስተምራሉ። ሁለተኛው የራሳችን የቀበሌ የሕፃናት ኪነት ቡድን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ። ሁለቱንም አይተው ይምረጡላት።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ አዝማሪ ነበሩ። ማሲንቋቸውን ይዘው ከሠርግ ሠርግ ይዞሩ ነበር። ሰካራም ሁሉ እየተነሣ ግንባራቸው ላይ ሳንቲም ሲለጥፍባቸው እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ መሬት መሬት አያለሁ። አገር ቤት እኩዮቼ «የአዝማሪ ልጅ» ነበር የሚሉኝ፤ ስሜን የሚያስታውሰው የለም። አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ አባቴ ገበሬ ነበሩ አልኩ። ለባለቤቴም ያልኳት እንደዚያው ነው። አባቴ ሲሞቱ እንኳ ለቅሶ ተቀምጬ «ጥሩ አራሽ ነበሩ» እያልኩ አለቀስኩ።

ታዲያ የውዝዋዜውን ነገር ለሾፌሬ አወራሁት። ቀልደኛ ሰው ነው፤ ክፋት የለውም።

«እሰይ!» አለ መሪውን በመዳፉ እየመታ። «አንተ ከኋላ ትኬት ትቆርጣለህ፣ ልጅህ ከፊት ትጨፍራለች። ተሳፋሪው ግንባሯ ላይ ይለጥፍላታል። ጡረታህን አገኘህ በለኛ!»

በፊተኛው በር አጠገብ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ውስጤ ግን አረረ።

መጀመሪያ ልጄን ይዤ ወደ ሃያ ሁለት ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ባሌቱ አድልቶ ነበር፤ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ማንም አዝማሪ አይለውም ብዬ። ሴትዮዋ መልካም ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። ነጭ ካልሲ የለበሱ ሕፃናት በረጅም እንጨት ተደግፈው ተራ በተራ እግራቸውን ያነሣሉ። ልጄ እጄን ይዛ ስታይ ቆየች።

«አባዬ፣ ተቆጥተዋቸው ነው?»

«ኧረ ማንም አልተቆጣቸው።»

«ታዲያ ለምን አይስቁም?»

ሴትዮዋ ሰምተው ራሳቸው ሳቁ። «ትንሽ ከፍ ስትል አምጣት፤ አሁን ትንፈራገጥ» አሉኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰድኳት። ገና በሩ ላይ ስንደርስ የማሲንቆ ድምፅ ሰማሁ። አንድ ሽማግሌ ሰው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ከበሮውን አንድ ጎረምሳ ይዟል። ሃያ የሚሆኑ ሕፃናት ትከሻቸውን እንዴት እንደሚነቀንቁ ይለማመዳሉ። ልጄ እጄን ለቅቃ ሄደች። ማንም ሳያሳያት ትከሻዋ ተነሣ። አገጯን ወደ ላይ አንሥታ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትከሻዋን ስታንቀጠቅጥ አባቴን አየሁባት። አባቴ በሕይወታቸው አይተዋት አያውቁም፤ አንገታቸውን የሚያዘነብሉት ግን ልክ እንደዚያ ነበር።

ኪነቱንም የምትመራው አሠልጣኟ ናት፤ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ አገኘናት! ወላጆች ሁሉ የሚመጡበት የሕፃናት ትርኢት ደርሷል፤ ከፊት ነው የማቆማት። ልመዝግባት?»

አልፈልግም ብል በዚያ ዘመን ያስጠረጥራል፤ የቀበሌ ኪነት ነውና። እኛ ደግሞ አንድ መሸሻ ነበረችን። ለስብሰባ ሲጠሩን፣ ለሰልፍ ሲጠሩን፣ አሞኝ ነው እንላለን። ሰፈሩ በሙሉ በሽተኛ ነበር። አፌ የለመደውን አወጣ።

«ልቧን ያማታል» አልኩ።

የአሠልጣኟ ፊት ተለወጠ። «ልቧን? ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አይነግሩኝም? እኔ እኮ በየቀኑ ሳገለባብጣት ነው የምውለው! ጅምናስቲኩም ይቁም። ከጤና ጣቢያ ወረቀት ሳያመጡ ፍራሽ ላይ አላወጣትም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኪነቱን ላስቀር ብዬ የምትወደውን ነጠቅኳት። ዞር ስል ልጄ ኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

ያን ጊዜ ውሸቴን ነው ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። እጇን ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ስንሄድ እየዘለለች የሄደችበትን መንገድ ስትመለስ እንደ አሮጊት ቀስ እያለች ተራመደች።

አራት ቀን እንዲሁ ሆነ። መዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ ሌሎቹ ሲሯሯጡ እሷ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ቤትም አትገለበጥም። ስትተኛ እንኳ በጀርባዋ ቀጥ ብላ ነው። እናቷ ግንባሯን ትዳስሳለች፣ ምላሷን ታያለች፣ ምንም የለም። እኔ ከሥራ እገባለሁ፣ አያታለሁ፣ እራቴን በልቼ ዝም እላለሁ። ይኸው ዛሬም ሳስበው ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ።

በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ልጄን ጠበል ልወስዳት ነው» አለችኝ።

«ምን ሆና?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ‹ልቤ ታሟል፣ አባዬ ያውቃል› ትለኛለች። የምታውቀውን ንገረኝ!»

ነገርኳት። የአሠልጣኟን፣ የሾፌሩን፣ በመጨረሻም የአባቴን። ለስምንት ዓመት ያልነገርኳትን እዚያው በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። ባለቤቴ ነጠላዋን አወለቀች።

«ማሲንቆ መቱ፤ ሰው ገደሉ?» አለች።

«አልገደሉም።»

«ሰረቁ?»

«አልሰረቁም።»

«ታዲያ አንተ ምን ቤት ነህ የምታፍርባቸው? የእኔ ይቆይ፤ እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። የልጅቷን ግን ነገ አስተካክል። ለአሠልጣኟም በአፍህ ትናገራለህ፤ እኔ አልላክልህም።»

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ልጄን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አደረገ። ልጄ ትንፋሿን ያዘች።

«ተንፍሺ እንጂ፤ እንዳትፈነጂብኝ!» አላት። ቀጥሎም ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ናት የልብ ሕመምተኛዋ? እንደ ፈረስ ነው የሚመታው። ማነው ታማለች ያላችሁ?»

ሐኪም ነው ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ልጄ ግን ቀና ብላ ታየኛለች።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ውሸቴን ነው።»

ድሬሰሩ ወረቀቱን ጽፎ ሰጠኝ። ለአሠልጣኟም በዚያው ቀን ሌሎች ወላጆች ቆመው እየሰሙ ነገርኳት፤ አባቴ አዝማሪ እንደነበሩ፣ ልጄም የአዝማሪ ዘር እንዳትባል ብዬ እንደዋሸሁ። ወጣቷ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና «ጋሼ፣ እኔን እኮ አልፈልግም ቢሉኝ ይበቃ ነበር» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ውዝዋዜውን ልጄ ራሷ መረጠች፤ ኪነት። ጅምናስቲኩም ቀጠለ። በትርኢቱ ቀን እኔና እናቷ ከፊት ተቀመጥን፤ እናቷ እልል ብላ ጎረቤቱን አደነቆረችው። ልጄ ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር፤ ይህን አውቃለሁ።

የሰበርኩት ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ያንን ያወቅሁት በክረምቱ ነው። ብርድ መትቷት ትኩሳት ያዛት። አጠገቧ ተቀምጬ ግንባሯን ነካሁና፣ «ምንም አይደል የኔ ልጅ፣ ቀላል ጉንፋን ነው፣ ነገ ይለቅሻል» አልኳት። በዚያ ዕድሜዋ አባት የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። እሷ ግን እጄን ከግንባሯ ላይ ቀስ ብላ አነሣችና ፊቷን ወደ እናቷ አዞረች።

«እማዬ፣ እውነቱን ነው?» አለች።