ሲበርድላት የምትነሳው መኪና

የመለዋወጫ ሱቁና ጋራዡ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ግድግዳው ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ባል ከወዲያ "ፊውዝ!" ብሎ ሲጣራ ሚስት ከወዲህ ታቀብላለች። ጋራዡ በሙሉ "ብሎን" ይላታል። አጭር ናት፤ አንዴ ከጠበቀች ደግሞ የሚፈታት የለም። ባሏ ግን "ብሎኔ" ነው የሚላት፤ ያን ጊዜ የምትቆጥረው ዕቃ ቁጥሩ ይጠፋባታል።

ሰሞኑን በዚያች መስኮት የሴት ሳቅ መግባት ጀምሯል።

ሳቁ የአንዲት ደንበኛ፣ የአንዲት ነርስ ነው። ነርሷ በየቤቱ እየዞረች አልጋ የያዙ ሕመምተኞችን የምታክም፣ ለግላጋ ሴት ናት። ትንሽ ነጭ መኪና አለቻት፤ መኪናዋ አንዳንዴ አልነሳም ትላለች። ብሎንን ያንገበገባት ይህ "አንዳንዴ" ነው። ጋራዥ ደርሳ ስትሞከርማ ገና ቁልፉ ሲነካ ትነሳለች።

"ዛሬም እንቢ ብላኝ ነበር እኮ! አንተን ስታይ ነው የምትታዘዘው" ትላለች ነርሷ።

"ግድ የለም እህት ዓለም። ጥላ ስር ትረፍና አያታለሁ።"

ብሎን ከመስኮቷ ጀርባ ትሰማለች። ሴትዮዋ መጀመሪያ ስትመጣ "እርስዎ" ነበር የምትለው። "አንተ" መቼ መጣ? ማንስ ፈቀደ?

አንድ ማታ እራት ላይ አልቻለችም። "የዚያች ሴትዮ መኪና ሕመሟ ምንድን ነው?"

"አልታወቀም። ባትሪዋ ደህና ነው፣ ገመዱንም ሁሉ አጠባብቄያለሁ። እኔ ጋ ስትመጣ ጤነኛ ናት።"

"እንዲህ ያለ በሽታስ አውቃለሁ። ሐኪሙን ማየት ሲያምር የሚነሳ ነው።"

ሳቀ። መሳቁ ይበልጥ አቃጠላት።

"ዛሬ ሞቀሻል፤ ነገ እናወራለን" ብሎ ተነሳ።

ይህ የእሱ ሕግ ነው። በወጣትነቱ የራዲያተር እንፋሎት ክንዱን ጠብሶታልና ትኩስ ሞተር አይነካም። የገባ መኪና ሁሉ አስቀድሞ ጥላ ስር ይቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ነው ኮፈኑ የሚከፈተው። "ትኩስ ሞተርና የተቆጣ ሰው ሲበርድ ነው የሚነካ" ይላል። ሚስቱንም የያዛት በዚሁ ሕግ ነው፤ ስትቆጣ ትቷት ይሄዳል፣ ስትበርድ ይመጣል። በረድ ካለች በኋላ ደግሞ የምትለው ይጠፋታል። ያን ማታ ጀርባውን እያየች ተጋደመች። እያጣሁት ነው ወይስ እያበድኩ? ይህን ሳታውቅ እንቅልፍ እንደማይወስዳት ገባት።

ጠዋት ነርሷ መኪናዋን ልትወስድ ስትመጣ ብሎን ሱቋን ቆልፋ ወጣች። "እህቴ፣ ዛሬ አብሬሽ ልዙር። እንቢ ስትል በዓይኔ ልያት።" አፏ ስለ መኪናዋ ያወራል፤ እግሯ ግን የወጣው የሴትዮዋን ውሸት ሊይዝ ነው።

"ውይ፣ ደስ ይለኛል!" አለች ነርሷ። ከልቧ ደስ ማለቱ ራሱ ለብሎን የሚያናድድ ነበር።

መንገድ ላይ በበሩ ኪስ ውስጥ አንድ ጨርቅ አየች። አበባማ ጨርቅ! ለባሏ እጅ መጥረጊያ ብላ ከገዛ አሮጌ ቀሚሷ የቀደደችው።

"ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"መስታወቱን ጠርጎልኝ ረሳው መሰለኝ።"

የቤታችንን መስኮት አንድ ቀን ጠርጎ አያውቅም፣ አለች በሆዷ። ጨርቁን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

ከረጅም ዳገት በኋላ፣ ፀሐዩ በበረታበት፣ አንድ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ነርሷ ገብታ ቁስል አጥባ ወዲያው ወጣች። ቁልፉን አዞረች። *ጠቅ።* ደግማ አዞረች። *ጠቅ።* መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩ ዝም።

"ይኸው! አየሽልኝ? ሰው እኮ አያምነኝም!" ነርሷ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። "የሚቀጥለው ሰውዬ መርፌውን በሰዓቱ ካልወሰደ..." ሰዓቷን አየች፤ ቦርሳዋን ይዛ በእግሯ ልትሄድ በሩን ከፈተች።

ብሎን አየቻት። ይህ የውሸታም ሥራ አይደለም። አፈረች፤ እውነቱ ሲነገር ግን ቅርም አላት። ውሸት ቢሆን ኖሮ ንዴቷ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር።

ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ሙቀቱ ፊቷን ገረፋት። ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ታውቀዋለች፤ ውስጡ ሆነው ኤሌክትሪክ የሚያቀብሉትን ካርቦኖች ስንት ዓመት ሸጣለች። የሚገዙ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ ሲሞቅ እንቢ ይላል፣ መታ ሲያደርጉት ይነሳል። እጇን በአበባማው ጨርቅ ጠቅልላ በጎማ መፍቻው ሞተሪኖውን ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው።

"አሁን አዙሪው!"

ተነሳች።

ካርቦኑ አልቋል፤ ሲሞቅ አይነካካም። ባሏ ደግሞ መኪናዋን ሁልጊዜ አብርዶ ነው የሚያያት። ሕመሙን ራሱ እያስተኛ ሲፈልገው ከርሟል።

ጋራዥ ተመልሳ ይህን ስትነግረው ባሏ በራሱ ሳቀ። አዲስ ካርቦንና አበባማውን ጨርቅ በመስኮቷ አቀበለችው። ገጥሞ ሲጨርስ ጭንቅላቱን በዚያችው መስኮት ብቅ አደረገ። "ለመሆኑ አንቺን ምን አስኬደሽ?"

"መኪናዋን ላያት።"

"መኪናዋን?"

ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ትቷት የሚሄድበት ጊዜ ይህ ነበር። አልሄደም። ግሪሱን ሳይታጠብ ጉንጯን ነካ። "እንዴት ትፋጃለሽ ብሎኔ።"

የቀረው ፈተና ነው፤ መኪናዋ ረጅም ተነድታ፣ በደንብ ሞቃ፣ ቆማ እንደገና መነሳት አለባት። ባሏ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ነርሷ ከጎኑ። ረጅም መንገድ፣ ሁለቱ ብቻ፣ ትከሻ ለትከሻ፤ ብሎን ጥርሷን ነከሰች።

ቁልፉን ወረወረላት። "ሕመሟን ያገኘሽው አንቺ፣ አሙቂያት። ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ።"

ነርሷን ከጎኗ አስቀምጣ ወጣች። ፉጨት ሁሉ አምሯት ነበር። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየች። አንዲት ቀይ ትንሽ መኪና ጋራዡ ውስጥ ገባች፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰካች ሴት ወረደች፤ ባሏም እጁን በአበባማው ጨርቅ እየጠረገ ከሱቁ ወጣ።

እግሯ ፍሬኑ ላይ ዐረፈ።

"ምነው? ምን ሆነች?" አለች ነርሷ ደንግጣ።

ብሎን መስታወቱን ጣሪያውን እንዲያሳያት አድርጋ ገፋችው።

"ምንም። ገና አልሞቀችም" አለችና ነዳጁን ረገጠች።