ጠላ የማይጠጣ ሶፋ፣ ሽንት የማይነካው አንቀልባ

የእህቴ ባል ሶፋውን ከባሕር ዳር ሲያስመጣ አብሮ እድፍ እንዳይዘው የሚነፋበት አንድ ጣሳ ፈሳሽ አመጣ። ከዚያ ወዲህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለው ቤታቸው ቤትነቱ ቀርቶ የትርኢት አዳራሽ ሆነ። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ እሱ ከብርጭቆው ጠላ ሶፋው ላይ ያንጠባጥባል። ጠላው እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ይንከባለልና ምንጣፉ ላይ ይወድቃል። እንግዳው ካልተደነቀ ይደግምለታል። አንድ ጊዜ የንስሐ አባታቸው ትርኢቱን እስከ መጨረሻው ታግሰው አዩና፣ ጠላው ለመጠጥ የተጠመቀ መስሏቸው እንደነበር ተናገሩ። እሱ ምስጋና መስሎት ሳቀ።

ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ እኔም ተራዬ ደርሶ አየሁ። ለአክብሮት ያህልም አደነቅሁ። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ዝም እል ነበር።

በእኛ አገር ለመጀመሪያ ልጅ አንቀልባ የሚመጣው ከሴቷ ወላጆች ቤት ነው። እናታችንም ከታች ጋይንት ቆዳውን አስለፍታ፣ በዛጎል አስጊጣ ልካላት ነበር። እህቴ የጠላውን መንከባለል አይታ፣ ሽንት እንዳያበላሸው ብላ ያንኑ ፈሳሽ አንቀልባው ላይ ነፋችው፤ ውስጡንም፣ ውጭውንም፣ ጠፍሩንም። ልጁ ጥርስ እያወጣ ነው። ጀርባዋ ላይ ሆኖ ጠፍሩን ሲመጠምጥ አየሁት።

ጣሳውን አገላብጬ አነበብሁ። ፍሎሪን ያለበት ውህድ እንደያዘ በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። በኬሚስትሪ እንደተማርነው፣ ከእነዚህ ውህዶች ብዙዎቹ በቀላሉ አይፈርሱም፤ አንዳንዶቹ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ከኮሌስትሮል መጨመር፣ ከኩላሊት ካንሰር፣ በልጆች ላይም ክትባት በደንብ እንዳይሠራ ከማድረግ ጋር የተያያዙ አሉ። ይህ ጣሳ የትኛውን እንደያዘ አላውቅም፤ የሠሩት ሰዎች ስሙን መጻፍ ከብዷቸዋል። እድፍ እንደሚያባርር ለመጻፍ ግን ቦታ አላጠራቸውም። ጠፍር መጥባት ልጁን ምን ያህል እንደሚጎዳውም አላውቅም። ይህን ለማወቅ ግን ልጅ መሞከሪያ አይሆንም።

ያነበብሁትን ለእህቴ ባል በትሕትና አስረዳሁት። እንግዶች ነበሩና ለእነሱ ዞሮ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክነው ሶፋ መፍራት ተምሮ መጣ አላቸው። ሳቁብኝ። ቀጥሎም እሱ ራሱ ዘወትር እየተቀመጠበት አንዳች እንዳልሆነ አስረዳኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይጠቡትም» አልሁ።

እህቴ ብቻ አልሳቀችም። ታጥቦ ይለቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንዳይለቅ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ነገርኋት። ልጁን ከጀርባዋ አውርዳ አንቀልባውን ጠቀለለችና ከአልጋ ሥር ከተተችው።

እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ልጁን በአሮጌ ነጠላ አዘለችው። ባሏ በር ላይ አቆማት። ለአንድ ሕፃን ጤና ያልተጨነቀው ሰው አሁን ስለ ሰው አፍ ተጨነቀ፤ የበኩር ልጅ በነጠላ ታዝሎ ሲያዩ ሰዎች ወላጆቿ አንቀልባ ነፈጓት ይላሉ አለ።

«ይበሉ» አለችው። «ጠፍሩን የሚጠባው የእነሱ ልጅ አይደለም።»

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋ ሳንደርስ ልጁ ሸናባት። ነጠላውም ቀሚሷም ራሰ። ባሏ የማያውቀን መስሎ ቀደም ቀደም አለ። እሷ ነጠላውን አጥብቃ ቋጠረችና መንገዷን ቀጠለች።