የምስራቹን እንደ መርዶ ነገርኩ

ዛሬ ጠዋት ሞጣ ላይ አንድ ሰፈር ሙሉ አስለቀስኩ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከፈረሶች ደም እየወሰድን፣ በትንኝ የሚተላለፉ ቫይረሶችን በዘረመላቸው እንከታተላለን። የጋሽ ሰይድ የጋሪ ፈረስ ታሞ ስለነበር፣ የደሙን ምርመራ ውጤት ይዘን ከቢቸና ገስግሰን በማለዳ ሦስት ሆነን ቤታቸው ገባን።

"ጋሽ ሰይድ፣ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ" አልኳቸው። (መርዶ እንደዚህ እንደሚነገር እንዴት ረሳሁት?)

ባለቤታቸው "ማን ሞተብኝ?" ብለው ጮኹ። ጎረቤቱ እያለቀሰ ደረሰ።

"ኧረ ማንም አልሞተም። ፈረሱ ነፃ ነው፤ ቫይረስ አልተገኘበትም።"

ጋሽ ሰይድ እንባቸውን ጠረጉ። "ታዲያ የምስራች ተብሎ አይገባም ልጄ?" አሉና እጄን ይዘው ወደ ውጭ መለሱኝ።

እንደገና ገብቼ "የምስራች" ስል፣ ለለቅሶ የመጣው ሰፈር "ምስር ብዪ" ብሎ እልልታውን አቀለጠው።

እናንተስ፣ ደስታ ይዛችሁ ሄዳችሁ ማንን አስለቀሳችሁ?