ከጀልባዋ ሆድ ሥር የተለጠፈ ማንገቻ

ውሃው ገና ተራራው ላይ ነው፤ ድካሙ ግን ቀድሞ ደርሷል። ወንዙ ሊሞላ ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ነው። መጋዘኑ ይከፈታል፤ የጎማ፣ የሻጋታና የከረመ ላብ ሽታ ደጃፍ ላይ ቆሞ ይቀበላችኋል፤ ተጠቅልለው የከረሙት የጎማ ጀልባዎችም እንደ ሰከረ ዘመድ እየተጎተቱ ወደ ግቢው ይወጣሉ። ከበሩ በላይ “የወንዝ ጉዞና ጀብዱ ድርጅት” የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ከመጋዘኑ ይበልጣል።

የሰሌዳው ባለቤት ቀድሞ ፍራሽ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። አየር በጎማ ውስጥ ማሸግ ስፖንጅ በጨርቅ ውስጥ ከማሸግ እንደማይለይ የተረዳ ዕለት ራሱን “ካፒቴን” ብሎ ሾመ። ካፒቴኑ ዋና አይችልም። ውሃ ከጉልበቱ በላይ የሚነካው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ለእሱም ምስክር የለም።

“ቤተሰቦቼ!” አለ ካፒቴኑ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ላይ ቆሞ።

ሠራተኛውን “ቤተሰቤ” የሚል አሠሪ አፉን ከከፈተ ከቤተሰቡ አንዱ ሊጎድል ነው ማለት ነው።

“ዘንድሮ አዲስ ምዕራፍ እንከፍታለን። የመድን ድርጅቱ ሰዎች ጥያቄ አቅርበዋል። ከጀልባ ጭራ ተቀምጦ ሰው የሚመራ ሁሉ ጀልባ ይገለበጥበትና፣ ማንም ሳይረዳው ከውሃው ተነስቶ ብቻውን ይውጣበት። የወጣ ይመራል። ያልወጣ፣ ደንበኞቻችንን የሚያመላልሰውን አውቶቡስ ይነዳል። አንድም ሰው አይጣልም። ቤተሰብ ነን!”

ተጨበጨበ። ሰው ደክሞት ሲያጨበጭብ እንደ ዝናብ ጠብታ ነው፤ እዚህም እዚያም ጠብ፣ ጠብ ይላል። ከኋላ፣ ከፓምፖቹ ክምር ላይ የተቀመጠ አንድ ሰው ጨርሶ አላጨበጨበም። የአቋም ልዩነት ኖሮት አይደለም። ቀኝ ትከሻው ጭብጨባ አይችልም።

ይህ ሰው መልህቅ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንድ ቦታ ከተቀመጠ የሚያነሳው የለምና። ወንዙ ደንበኞቹን እያነጠረ ሲጫወትባቸው፣ እሱ ከጀልባው ጭራ እንደ ተሰፋ ቁልፍ ጸንቶ ይቀራል። ጢሙን እዚያው አብቅሏል፣ ፀጉሩም እዚያው ሸብቷል። በዚያች ቦታ ይኮራል። ኩራቱ ያስቃል ብንል አንዋሽም፤ ዙፋኑ በአየር የተነፋ ጎማ ነው፤ ሠራዊቱም ግራና ቀኙን የማይለይ፣ በላይፍ ጃኬት የታነቀ የቢሮ ሰው ነው። ነገር ግን “ግራ ቅዘፍ!” ብሎ ሲጮህ ሥራ አስኪያጁም ዳኛውም ሐኪሙም ግራ ይቀዝፋል። ከዚያ ወንበር ሲወርድ ማን ይሰማዋል? ሚስቱ እንኳ አትሰማውም።

ትከሻው የተበላሸው ባለፈው ዓመት፣ ወንዙ ሊጎድል ሲል ነበር። አንድ ግዙፍ ደንበኛ ፎቶ ሊነሳ ጀልባው ላይ ብድግ አለና እንደ ቆመ ወንዝ ገባ። መልህቅ በላይፍ ጃኬቱ ይዞ ጎተተው። ሰውየው ወጣ፤ ትከሻውም ከቦታው ወጣ። ሰውየው ጫማዬ ጠፋ ብሎ አቤቱታ አቀረበ። ትከሻው ግን አቤቱታም አላቀረበ፤ በፈለገው ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ማቆም ጀመረ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነበር። መልህቅ ግን ለገዛ ትከሻው ሲሆን እንደ ማንኛውም አሠሪ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለው።

ይህን ጉድ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእነሱ፣ ሌላው የላይፍ ጃኬት። የድርጅቱን የተቀደደ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ወቅቱ ሲቃረብ ክምሩ ከጣሪያው ሊደርስ ምንም አይቀረው። የዚያን ዕለት ማታ መልህቅ ሲገባ ከክምሩ መሃል የሚታየው የራስ መሸፈኛዋ ጫፍ ብቻ ነበር።

“ምን አለ ፍራሽ ሻጩ?” አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

“የተገለበጠ ጀልባ ላይ ብቻችሁን ውጡ አለ።”

“አንተን? አልጋ ላይ በድጋፍ የምትወጣውን?”

“አንቺ ሴትዮ፣ ቀልድ አላማረኝም።”

“እኔስ አማረኝ? ስታቃስት የምነቃው እኔ፣ ክንድህን በጨርቅ የማስረው እኔ። ንገራቸዋ! ትከሻህ እንጂ አፍህ አልተሰበረ።”

“ነግሬስ?”

“አውቶቡስ ትነዳለሃ! ደረቅ ሱሪ ለብሰህ ወጥተህ ደረቅ ሱሪ ለብሰህ ትገባለህ። ምኑ ነው ሞቱ?”

“አውቶቡስ እየነዳሁ ከማን ጋር ላወራ?”

“ከአውቶቡሱ። እሱም እንደ አንተ ያቃስታል።”

መልህቅ ጃኬቶቹን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ። ዝምታው ሲረዝም ልመና እንደሚከተል ሚስቱ ታውቃለች፤ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቆመች።

“አንድ ነገር ስፊልኝ” አለ። “ወፈር ባለ የጎማ ቁራጭ ላይ ጠንካራ ማንገቻ። እንደ እርካብ። ከጀልባዬ ሆድ ሥር፣ ጠርዙ ላይ እለጥፈዋለሁ። በደህናው ጊዜ አይታይም። ስትገለበጥ ግን ሆዷ ወደ ላይ ይሆንና ማንገቻው ወደ ውሃው ይንጠለጠላል። እግሬን አስገባለሁ፣ በእግሬ እነሳለሁ፣ በግራ እጄ እይዛለሁ፣ አለቀ። ትከሻ አያሻኝም።”

“ማጭበርበር ነዋ።”

“እርካብ ነው አልኩሽ።”

“በቅሎ የሌለው እርካብ” አለችና ከማንገቻው ጥቅል ላይ ቆርጣ አነሳች። “ሽማግሌ ልጅ ከማሳደግ ይሰውርሽ ብላ እናቴ አልመረቀችኝ።”

ስፌቷ እንደ ስድቧ ነው፤ አይላላም።

በማግስቱ የመጋዘኑ ሥራ ተጀመረ። ስለ ጀብዱ የሚያወሩት የማስታወቂያ ወረቀቶች ይህን ክፍል አያሳዩም። ጀልባ ይነፋል፣ በሳሙና አረፋ ይታጠባል፣ አረፋው የተነፈሰበት ቦታ በኖራ ይከበባል። ከዚያ ጎማውን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ በጣት ጀርባ ሲነኩት እስከማይጣበቅ ድረስ መጠበቅ፣ ደግሞ መቀባት፣ ደግሞ መጠበቅ። የማስቲሹ ሽታ ራስ ያዞራል፤ ያለ መጠጥ መስከር ይሏል እንዲህ ነው። መልህቅ ሁሉን በግራ እጁ ይሠራል። የጠየቀው ካለ “ቀኙን ለወንዙ አስቀምጬዋለሁ” ይላል። ይህን ባለ ቁጥር ፊቱ ላይ ድካም እንደ አቧራ ይቀመጣል።

ከመጋዘኑ ግድግዳ ላይ፣ ልክ ከእሱ ራስ በላይ፣ በደበዘዘ ቀይ ቀለም አንድ መፈክር አለ፦ “የጠገነ አይፈትን!” የጻፈው ራሱ መልህቅ ነው፣ ክንዱ ከራሱ በላይ ይነሳ በነበረበት ዘመን። ያን ጊዜ አንዳንድ ሰነፍ መሪ ቀዳዳውን በምራቅ ለጥፎ “ፈትኜዋለሁ” ይል ነበር፤ ደንበኞች ወንዝ መሃል ሲደርሱ ጀልባው እንደ አረጀ ፊኛ ይጨማደዳል። መልህቅ ተቆጣ፣ ስብሰባ ጠራ፣ ተከራከረ፣ ደንብ አስወጣ። እያንዳንዱ መሪ የራሱን ጀልባ ይጠግናል፤ ወንዙ ላይ የሚፈትነው ግን ሌላው ነው። ጥሩ ደንብ ነበር። ከግድግዳው ላይ ግን ግድግዳ ሆኖ ቀረ፤ ማንም ቀና ብሎ አያነበውም፣ ጸሐፊው ጭምር።

ሌሎቹ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ መልህቅ ጀልባውን ገለበጠና የሚስቱን እርካብ ለጠፈ። በጉልበቱ ተጭኖ እንዲደርቅ ሲጠብቅ ወጠጤው ደረሰበት። ወጠጤው ከመሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የመጨረሻው፣ በጉራ ግን የመጀመሪያው ነው። ሲሄድ አንገቱ ይቀድመዋል።

“ጋሼ፣ ምን ላይ ተቀመጥክ?”

“ቀዳዳ ላይ።”

“ይሄን ሁሉ የሚያህል ቀዳዳ?”

“ዕድሜ ነው።”

“የእሷ ነው የአንተ?” አለና ወጠጤው እየሳቀ ዳቦውን ገመጠ። “እኔ በፈተናው ቀን እያንቀላፋሁ ነው የምወጣባት፣ ታያለህ።”

“አንተ ነቅተህም እንቅልፍ ላይ ነህ” አለው መልህቅ። ያን ዕለት ልቡ ቀለል አለው። ያ ማንገቻ አንድ ተጨማሪ የወንዝ ወቅት መስሎ ታየው፤ ምናልባትም ሁለት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ያሉት ይህን ጊዜ ነው።

የፈተናው ቀን ወንዙ ከታጠፈበት፣ ውሃው ሰብሰብ ብሎ ከሚያርፍበት ቦታ ተሰበሰቡ። ብርዱ አጥንት ይቆጥራል። ካፒቴኑ ደረቅ አለት መርጦ፣ ነጭ ቆብ አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ቆሟል። መርከብ ቢመጣለት የሚሳፈር ይመስላል።

“ቤተሰቦቼ! በጥንታዊ ደንባችን መሠረት!” አለ። “የጠገነ አይፈትን! ጀልባ ተለዋወጡ!”

መልህቅ መቅዘፊያውን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። ደንቡን ያወጣው ለልጥፍ ነበር፤ ለሰው ይደርሳል ብሎ መች አሰበ? መፈክር የሚጽፉ ሁሉ የሚረሱት ይህን ነው፤ ግድግዳ ወገን የለውም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ የእሱን ቁና ግን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ ቀይ ቀለም ቀብቶት ነበር።

“ጋሼ፣ የአንተን እኔ፣ የእኔን አንተ” አለ ወጠጤው፣ የመልህቅን ጀልባ እየጎተተ።

“ቆይ…” አለ መልህቅ።

“ምን ቆይ?”

ምን ይበል? “ከሥሯ የደበቅኩት አለ” ይበል? “ምንም” አለና ውሃው ውስጥ ገባ።

ፊሽካው ተነፋ፣ ጀልባዎቹ ተገለበጡ። መልህቅ ከወጠጤው ጀልባ ጎን ተንሳፈፈ። ጎማው እንደ አሳ ሆድ የሚያዳልጥ ነው፤ መያዣ ገመዱ ሩቅ ነው። በግራ እጁ ደረሰበት። ሰውነቱን ሊስብ ሲል እግሩ ሳይታወቀው ውሃው ውስጥ እርካቡን ፈለገ። ውሃ ብቻ ረገጠ። ቀኙን ዘረጋ፤ ትከሻው እንደ ላላ የበር ማጠፊያ ከቦታው ሸርተት አለ። ደጋግሞ ሞከረ፤ እያንዳንዱ ሙከራ ካለፈው አጠረ። በመጨረሻ በግራ እጁ ገመዱን እንደ ያዘ ጉንጩን ጎማው ላይ አሳረፈ። ከዳር ላየው የተኛ ይመስላል። በእርግጥም በዚያች ቅጽበት ከምንም በላይ ያማረው እንቅልፍ ነበር።

ወጠጤው ግን የጀልባዋን ጎን እየቧጠጠ ሲፍጨረጨር እግሩ አንድ ነገር ውስጥ ገባ። ተነሳ። ሳያስበው ጀልባዋ ላይ ቆሞ ራሱን አገኘው።

“ይሄ ምንድን ነው?” ብሎ ጎንበስ አለና ማንገቻውን አነሳው። “ጋሼ! ጀልባህ እግር አላት እንዴ?”

ሁሉም ሳቀ። ወጠጤውም ሳቀ፤ ከዚያ ወደ መልህቅ አየ፣ የተንጠለጠለውን ክንድ አየ፣ ማንገቻውን ደግሞ አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። “ካፒቴን፣” አለ፣ “ጋሽ መልህቅ በራሱ ጀልባ ይሞክር። የእኔዋ ታዳልጣለች።”

“ደንብ ደንብ ነው!” አለ ካፒቴኑ። “ግድግዳው ላይ ተጽፏል! ይልቅ ያን ነገር ከፍ አድርገህ አሳየኝ። የማን ፈጠራ ነው?”

ካፒቴኑ መልስ አይጠብቅም። ፍራሽ ሲሸጥ የነበረው ዓይኑ በራ። “እጅግ ድንቅ! ለደንበኞቻችን ደህንነት! ሁሉም ጀልባ ላይ ይለጠፍ! ከሰሌዳውም ላይ እንጽፈዋለን!”

የሰውን ብልሃት እንዲህ በአንድ ትንፋሽ የሚወርስ ሌላ ወራሪ ታሪክ አያውቅም። ብልሃቱን የፈጠረውን ሰው ግን ወጠጤውና አንድ ሌላ መሪ ብብቱን ይዘው፣ እንደ ረጠበ ጆንያ ከውሃው ጎትተው አወጡት።

ማታ ሚስቱ ከጃኬቶቹ ክምር አጠገብ አዲስ የጎማ ቁራጭ ክምር ተቆልሎ አገኘች። ማንም ሳይነግራት ነገሩ ገባት። ትከሻውን መለሰችለት፣ በጨርቅ አሰረችው፣ ተሳደበች፣ ከዚያ መርፌው ውስጥ ክር አስገባች። “ለአንተ ብዬ የሰፋሁት ለድርጅቱ ሆነ” አለች። “እኔን ነው ያጭበረበርከው።” መልህቅ በግራ እጁ ማንገቻውን እየወጠረ ያዘላት። ካፒቴኑ ያስረከበው የአውቶቡሱ ቁልፍ ከመቀሱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሁለቱም እንዳላዩት ሆኑ።

በሩ ተንኳኳ። ወጠጤው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱ ሳይቀድመው ገባ።

“እትዬ፣ እንደምን አመሸሽ። ጋሼ፣ ጀልባህን ለእኔ ሰጡኝ። ልነግርህ… እኔ አልጠየቅኳቸውም።”

“አውቃለሁ። ተቀመጥ።”

“አልቀመጥም። ልጠይቅህ ብቻ ነው። አምና ወንዙ ሊጎድል ሲል ከኋላህ ሆኜ ሳያት ወደ ግራ ታዘነብል ነበር። ልጥፉ ነው? አየር ነው?”

መልህቅ የወጠረውን ማንገቻ ለቀቀ። ሚስቱም ፔዳሉን አቆመች።

“እሷ ጤነኛ ናት” አለ። “ያዘነበልኩት እኔ ነበርኩ። አንተ ስትይዛት ቀጥ ብላ ትሄዳለች።”

ወጠጤው ራሱን ነቀነቀ፤ ከክምሩ አንድ ጃኬት አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ፣ ደህና እደሩ ብሎ ወጣ።

መልህቅ አሁን ቁልፉን አነሳው። በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ከባድ ነበር፤ ወይም እጁ ደክሞ ነበር።

“የአውቶቡሱ መሪ እንዴት ነው?” አለች ሚስቱ። “ይከብዳል?”

“ይከብዳል።”

“ወደ የት ያዘነብላል?”

“ወደ ግራ።”

“እሰይ፣ ጓደኛ አገኘህ” አለችና መርፌዋ ሥር አዲስ ቁራጭ አስገባች። “እሱም ላይ ማንገቻ ልስፋልህ?”

“ስፊልኝ” አለ መልህቅ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። “ግን ነገሩ እዚሁ ቤት ይቅር፤ ለፍራሽ ሻጩ እንዳትነግሪው።”